የማዘጋጃ ቤቱ ሞተር

ያን ቀን ዝናብ ባይጥል ኖሮ ጋሼና ልጄ አንድ ክፍል ውስጥ ባልተገናኙ ነበር።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የማዘጋጃ ቤታችን የግዢ ኃላፊ። ቢሯቸው ፎቅ ላይ ነው። ሻያቸውን የማደርስላቸው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው ወደ እኔ ክበብ ወርደው አያውቁም። ልጄ ደግሞ ተምራ መጥታ እዚያው ማዘጋጃ ቤት፣ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ከተቀጠረች ወዲህ፣ ጋሼ በሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። ጠልተዋት አይደለም። «ለዘመድ ያደላል፣ የወንድሙ ልጅ ናት የምትነዳው» እንዳይባሉ ነው። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ይህን የሚጠላቸውም ይመሰክራል። እኔም ይህን የምጽፈው ሌባ ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ሰውም ከተማ ሊጎዳ እንደሚችል ስላየሁ ነው።

ክበብ የምለው ሠራተኛው ሻይ የሚጠጣበት፣ ከግቢው አጥር ጋር የተለጠፈ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት አለው። መስኮቱ የሚያሳየው የሞተሩን ቤት ነው። ጄኔሬተሩን ሁላችንም ሞተሩ ነው የምንለው፤ መብራት ሲጠፋ ቢሮውንም የከተማውን የውኃ ፓምፕም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የሚያስነሳው፣ ዘይት የሚያጠጣው፣ አጠገቡ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ደግሞ ባለቤቴ ነው። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «የሞተሩ ሰውዬ» ነው። እኔ ያንን መስኮት ጠዋት እወለውላለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጥቀርሻው ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ ብርጭቆዎቼ ትሪው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰውም ተጯጩሆ ነው የሚያወራው።

ጋሼ ዝናቡ መንገድ ላይ ይዟቸው፣ ፋይል ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ሮጠው ገቡ። ልጄ የአባቷን መድኃኒት ከፋርማሲ ይዛ መጥታ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ስታያቸው ብድግ አለች።

«ይቀመጡ ጋሼ፣ እዚህ ይሻላል።»

«አልቆይም ልጄ። ጋብ ሲል እወጣለሁ።»

ጋብ አላለም። እንዲያውም ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚደፋ ይመስል ባሰበት። ጋሼ ተቀመጡ፣ እኔም ሻይ አቀረብኩ። ውጪ ሞተሩ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ልጄ።

«የግዢ ጉዳይ ከሆነ ጽፈሽ በአለቃሽ በኩል ላኪው።»

«ልኬ ነበር። መልስ አጣሁ።»

«እንግዲያው ጠብቂ።»

«አዲሱ ሞተር የሚገዛበት ጨረታ አርብ ይከፈታል። አርብ ካለፈ በኋላ ምኑን ነው የምጠብቀው?»

«ምን አልሽ?»

ደግማ ጮኸች። ጋሼ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙ። ልጄ ግን የእኔ ልጅ ናት፤ ነገር ከያዘች አትለቅም። በበሩ በኩል ከግቢው ውጪ ያለውን መንገድ በእጇ አሳየቻቸው። የፀጉር ቤቱ ማስታወቂያ በርቷል። ማዶ ያለው ወፍጮ ይፈጫል።

«መብራት አለ እኮ ጋሼ። ሞተሩ ለምንድነው የሚሠራው?»

«መብራት እንዳለ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። የተመደበልንን ናፍጣ ሳንጨርስ ከተዘጋ ‹አላስፈለጋቸውም› ብለው ለሚመጣው ዓመት ይቀንሱብናል። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ በምን ይሠራል? ሕዝቡ ባልዲውን ይዞ ሲመጣ አንቺ ትመልሺለታለሽ?»

እውነታቸውን ነው፣ በየዓመቱ መዝጊያ እንዲህ ነው የሚደረገው። የቆሻሻ መኪኖቹ እንኳን ሥራ ሳይኖራቸው ግቢ ውስጥ ሞተራቸው ተነሥቶ ቆመው ያጓራሉ። ሾፌሮቹ ውስጣቸው ተኝተው ይውላሉ።

«ናፍጣ እንዳያጥረን ብለን ናፍጣ እናቃጥላለን ማለት ነው?» አለች ልጄ።

«አፍሽን አታሹይብኝ። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።»

እኔ በዚያ ሰዓት ልቤ ከጋሼ ጋር ነበር። ናፍጣ ካለ ሞተሩ ይሠራል፣ ሞተሩ ከሠራ የባለቤቴ ደመወዝ አይቀርም። ልጄ ያመጣችው ነገር ግን ሞተሩን የሚያስቀር ነው፤ ጣራው ላይ የፀሐይ ኃይል የሚሰበስብ ሶላር ይሰቀል ትላለች። ስለዚህ ጣልቃ ገባሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ያሳደገሽ ያ ሞተር ነው። አባትሽ የሚበላው ከእሱ ነው።»

«አባዬን እየጨረሰው ያለውም እሱ ነው እማዬ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አፈጠጥኩባት። ይህን ነገር ለጋሼ እንዳንናገር ባለቤቴ አስምሎናል።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ ጆሯቸውን አቅርበው።

«ሻይ ጨምሪላቸው ነው ያለችው» አልኩና ቀዳሁ።

ጋሼ ሻዩን ፉት ብለው ትንሽ ሞቅ ሲላቸው ምላሳቸው ተፈታ። «ጽሑፍሽን አላነበበም ብለሽ እንዳታስቢ። አንብቤዋለሁ። ካርቦን፣ ካርቦን፣ ካርቦን ይላል። ልጄ፣ ዓለምን ያሞቃት የእኛ አንድ ሞተር ነው? ትልልቆቹ አገሮች ፋብሪካቸው ቀን ከሌት እየጨሰ፣ እኛ ሻማ ለኩሰን እንቀመጥ?»

«የእነሱን ፋብሪካ እኔ ማጥፋት አልችልም። የእኛን ሞተር ግን እርስዎ ማጥፋት ይችላሉ። የከተማችን ጭስ ከየት ከየት እንደሚወጣ ዞረን አይተናል ጋሼ። ብዙው የሚወጣው ከዚህ ግቢ ነው፤ ከሞተሩ፣ ከመኪኖቹ። ደግሞ በዚህ ከተማ ከማዘጋጃ ቤት የሚበልጥ ገዢ ማን አለ? ነጋዴው የሚያመጣው እርስዎ የሚጠይቁትን ነው። እርስዎ ጭስ ከጠየቁ ጭስ ያመጣል።»

«እኔ ጭስ አልጠየቅሁም! ዝቅተኛ ዋጋ ነው የጠየቅሁት።»

«የመንገድ አምፖሎቹንም እንዲሁ ነበር የጠየቋቸው። አሁን የት ናቸው?»

የት እንዳሉ እኔም አውቃለሁ፤ መጋዘን ውስጥ ተቃጥለው ተከምረዋል። ያልተቃጠሉት ደግሞ ብርሃናቸው ለራሳቸውም አይበቃ፣ ኤሌክትሪኩን ግን እንደ ውኃ ይጠጡታል።

«ስሚኝ» አሉ ጋሼ በመጨረሻ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ እየጮሁም እንኳን የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ጡረታዬ ደርሷል። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ገንዘብ በእጄ ሲያልፍ አንድ ሰው ‹በላ› ብሎኝ አያውቅም። ለምን? ሁልጊዜ ትንሹን ዋጋ ስለያዝኩ። ከኋላዬ ‹ጋሼ ርካሽ› እንደምትሉኝ የማላውቅ ይመስላችኋል?»

«ኧረ እኔ አልልም» አልኩ። እላለሁ እንጂ።

«በሉኝ! ርካሽ መባል ከሌባ መባል ይሻላል። አሁን አንቺን ሰምቼ ውዱን ልግዛ። ኦዲተሩ ሲመጣ ምን ልበለው? ‹ሰማዩ እንዳይሞቅ ብዬ ነው› ልበለው? ደግሞስ ፀሐይ ትይኛለሽ፤» በመስኮቱ ዝናቡን አሳዩዋት፤ «ፀሐይሽ የታለች?»

ልጄ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«እንዲህ ባለ ቀን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ አልዋሽዎትም» አለች ልጄ። «ባትሪ አለው፣ ያጠራቅማል። ፓምፑ ደግሞ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ታንከሩን ሞልቶ ከጠበቀ ማታ ማንም ውኃ አያጣም። ለክፉ ቀን አሮጌው ሞተር ታድሶ ይቀመጥ። ሁሉን ነቅላችሁ ጣሉ አላልኩም። ‹ውዱን ግዙ›ም አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድነው ያልሽው?»

«ጨረታው ላይ የጻፋችሁት ‹ጄኔሬተር እንገዛለን› ብላችሁ ነው። ጄኔሬተር ያላችሁት ሰው ጄኔሬተር ያመጣል፤ ሌላ ነገር ያለው በሩም ላይ አይደርስም። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ግን መብራትና ውኃ ነው። እሱን ጻፉ። ‹ይህን ያህል ኃይል፣ ይህን ያህል ሰዓት፣ ለዚህ ያህል ዓመት የሚሰጠኝ ማነው?› በሉ። ከዚያ የሞተሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን እስኪያረጅ የሚጠጣውን ናፍጣ፣ ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ መለዋወጫውን ደምሩበት። ጭሱንም መዝኑት። ይህ ሁሉ አስቀድሞ መስፈርት ሆኖ ከተጻፈ፣ ሁሉም ተጫራች በአንድ ሚዛን ይለካል። ትንሹን ዋጋ ይዛችሁ ነው የምትወጡት፤ ግን እውነተኛውን ትንሽ። ኦዲተሩም ሲመጣ የሚያየው መስፈርቱን ነው።»

«እንደ ምድጃዬ!» የሚል ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ። «ያ ለክበቡ የገዙልኝ የከሰል ምድጃ ረክሶ ተገኘ ተብሎ ተጨብጭቦለት ነበር። ቆርቆሮው ሳስቶ ከሰሉን እንደ ጅብ ነው የሚበላው። መልሰው መልሰው ከሰል ሲገዙለት ዋጋው ከደህናው ምድጃ በለጠ። አሁን የምሠራው ከቤቴ ባመጣሁት ነው።»

«አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ?»

«እኔ ከማንም ጋር አይደለሁም ጋሼ። ከምድጃዬ ጋር ነኝ። እኔ የሚያሳስበኝ ሞተሩ ሲሄድ ባሌ የት እንደሚሄድ ነው።»

«ሶላሩም ጠባቂ ይፈልጋል እማዬ» አለች ልጄ። «ይጠረጋል፣ ባትሪው ይታያል። አባዬ ይሠለጥንበታል...»

የቀረው አልተሰማም። ሞተሩ አንዳንዴ እንደሚያደርገው ጓጉሮ ጮኸ፤ ጥቁር ጭስ መስኮቱን ሸፈነው። ጋሼ ብርጭቆውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«ግማሹ አይሰማኝም! ያን ነገር አንድ አፍታ ያጥፋውና እንደ ሰው እናውራ!»

መስኮቱን ከፍቼ ለባለቤቴ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ጋሼን ከኋላዬ ሲያያቸው ወዲያው አጠፋው።

ሞተር ሲጠፋ ዝምታው መጀመሪያ ጆሮ ያማል። ብርጭቆዎቼ ቆሙ። ዝናቡም ለካ ጋብ ብሎ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚንጠባጠበው ብቻ ነው የቀረው። ልጄ ልትናገር አፏን ከፈተች።

ያኔ ነው ሳሉ የተሰማው።

ከሞተሩ ቤት ነው የሚመጣው። ጉሮሮ የሚያጠራ ሰው ሳል አልነበረም። ከሆድ ተነሥቶ፣ ጎን ሰንጥቆ፣ መሀል ላይ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ እንደገና የሚጀምር ነው። ጋሼ እንደቆሙ ቀሩ።

«ማነው?»

ልጄ ወደ እኔ አየች።

«ማነው እንዲህ የሚያስለው? ይህ ሰው ሐኪም ቤት አልሄደም?»

«ሄዷል» አልኩ። «ከዚያ ቤት ውጣ ብለውታል።»

«ማነው እኮ ነው የምልሽ!»

«ወንድምዎ ነዋ።»

ጋሼ መጀመሪያ አላመኑኝም። «እሱ? ባለፈው እሑድ እኔ ቤት አልበላም እንዴ? መቼ ሳለ?»

«እርስዎ ዘንድ ሲመጣበት ‹ስልክ ተደወለልኝ› ብሎ ይወጣል። ደጅ ቆሞ ስሎ ስሎ ይመለሳል። የሚደውልለት ሰው እንኳ የለም። እዚህ ደግሞ ሞተሩ ይሸፍንለታል። እንዳንነግርዎት አስምሎናል፤ ‹ሥራውን ያስገባኝ ወንድሜ ነው፣ ሥራው ገደለኝ ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ› ይላል።»

መሐላውን አፈረስኩ። ይፍረስ።

ጋሼ ጭንቅላታቸው ላይ ምንም ሳይደፉ ወጡ። በመስኮቱ እናያቸዋለን። ባለቤቴ ወንድሙን ሲያይ ከብረት ወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ሳሉን በግድ ዋጥ አድርጎ ያዘ፤ ፊቱ በመያዝ ጠቆረ። ጋሼ ዝቅ ብለው ወደዚያ ቤት ገቡ። ጥቀርሻ የለበሰውን ግድግዳ፣ ዝቅ ያለውን ጣራ፣ የጭሱን ቧንቧ አዩ። ቧንቧው ተሰንጥቆ ጭሱ ግማሹን ወደ ውስጥ ነበር የሚተፋው። ያን ሞተር የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ከተገዛ ወዲህ ግን እዚያ ቤት ገብተው አያውቁም።

«ላስነሳው ጋሼ?» ሲል ሰማሁት ባለቤቴን፣ እጁን ወደ ቁልፉ እየሰደደ። «ናፍጣው ገና አላለቀም።»

«ተወው» አሉት።

«ትእዛዙ እኮ የአንተ ነው። ዓመቱ ሳይዘጋ ካልተጨረሰ...»

«ተወው ብዬሃለሁ!»

ከዚያ ባለቤቴ ሳሉን መያዝ አቃተው። ጋሼ ጀርባውን ይዘው ቆሙ። እኔ ከመስኮቱ ዞር አልኩ፤ የሚታጠብ ብርጭቆ ነበረኝ።

ሲመለሱ እጃቸው ጥቁር ነበር። ውኃ ልስጥዎት ብላቸው አልፈለጉም።

«የላክሽልኝ መስፈርት መሳቢያዬ ውስጥ ነው» አሏት ልጄን። «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ። በሩን ከፍተን እናነበዋለን፤ ዘመድ ነው የሚልም ይስማ። የአርቡ ጨረታ አይከፈትም፤ ተሰርዞ እንደ አዲስ ይወጣል።»

«ኦዲተሩስ?» አለች ልጄ።

«ኦዲተር የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። እስካሁን ያልጠየቀኝን ነው ያላወቅሁት።» ወደ እኔ ዞሩ። «እሱን ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ቤት አውጪው። ደመወዙ አይነካም፣ የእኔ ጣጣ ነው።»

ነገሩ እንደተወራው ቀላል አልሆነም። ኮሚቴው አጉረመረመ። ሞተር ሊሸጥ ተዘጋጅቶ የነበረው ነጋዴ ግቢው ውስጥ ቆሞ ተሳደበ። ይህን ሁሉ ዘመን ያልተባለውም ተባለ፤ «ጋሼ ርካሽ ጡረታው ሲደርስ በላ» አሉ። እሳቸው ይህን ሲሰሙ እኔ ሻይ ይዤላቸው ገብቼ ነበር። ሻዩ ሳይነኩት ቀዘቀዘ። ኦዲተሩም መጣ፤ መስፈርቱን አገላበጠ፣ ሁሉም ተጫራች በአንድ ሚዛን እንደተለካ አየ፣ ሄደ። ስማቸውን ግን አጥቦ አልመለሰላቸውም።

አሁን ሶላሩ ጣራው ላይ ነው። ፓምፑ ቀን በፀሐይ ውኃ ይስባል፤ መብራት ሄደ ብሎ ባልዲ ደርድሮ የሚጠብቅ ሰው ቀረ። አሮጌው ሞተር ቧንቧው ተጠግኖ ለክፉ ቀን ተቀምጧል። የቆሻሻ መኪና ቆሞ እንዳያጓራ ተከለከለ፤ የተረፈ ናፍጣም ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ገንዘቡ ለመንገድ መብራት እንዲዞር ምክር ቤቱ ወሰነ። አምፖሎቹም ተለወጡ፣ ልጆች ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይታያሉ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ትምህርት ቤት በእኛ በኩል ያሉትን መስኮቶች ከፈተ። እኔም የእኔን መስኮት የምወለውለው አቧራ ሲኖረው ብቻ ነው። ልጄ የተናገረችው ሁሉ ሆኗል። ለሰማዩ የተረፈው ስንት እንደሆነ እሷ ትንገራችሁ፤ እኔ የማውቀው ከሰማዩ በፊት ለእኛ ጆሮና ሳንባ መድረሱን ነው።

ለሁላችን ግን አልደረሰም። ባለቤቴን ልጄ ልታሠለጥነው መሰላል አስደግፋ ነበር። ትንሽ ወጥቶ፣ መሰላሉን አቅፎ ቆመና ወረደ። ሐኪሙ የሄደው ሳንባ አይመለስም ብሎናል። አሁን በር ላይ ወንበር ተሰጥቶት ይውላል። ሞተር የለ፣ የሚሸፍንለት የለ፤ ሳሉ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

በቀደም ለኮሚቴው ስብሰባ ሻይ ይዤ ወጣሁ። የቆሻሻ መኪና ሊገዙ ነው። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቀን ነው የቀራቸው፤ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከታች ሳሉ ጀመረ። አዲሱ የሒሳብ ሠራተኛ ፊቱን አኮሳተረ።

«ያ የበር ሰውዬ ሥራ አላሠራን አለ እኮ። እባካችሁ መስኮቱን ዝጉት።»

አንዱ ሊዘጋ ተነሣ።

«አትዝጋው» አሉ ጋሼ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። እኔም ትሪዬን ይዤ ቆምኩ።

«ያን ሳል የገዛሁት እኔ ነኝ። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በኮሚቴ ፊት፣ ፖስታ ከፍቼ። ከቀረቡት ሁሉ ትንሹ ዋጋ ነበር፣ አጨበጨባችሁልኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዛሬም ልትገዙ ነው። እየሰማችሁ ግዙ።»

ሊዘጋ የተነሣው ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ሻዩን አዞርኩ። መስኮቱ እንደተከፈተ፣ ስብሰባው ቀጠለ።